ድረ ገጹ የኛ መሆኑን ለጉግል እንዴት እናስረዳ?

 

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ ከመተከል፣ ከገነተ ማርያም ወደ ግቢያችን የተመደበ አንድ አዲስ ተማሪ ዓባይን ተሻግሮ ረጅሙን መንገድ ከመጀመሩ በፊት የጀመዓችንን ስም በስልኩ ጉግል ላይ ጽፎ ፈለገ። «አዲስ ተማሪዎችን መናኸሪያ ድረስ ሄደን እንቀበላለን» የሚል ገጽ ወጣለት። ከሥሩ የተጻፈውን ቁጥር ደወለ። ስልኩን ያነሳው ተመርቆ ከወጣ ሦስት ዓመት ያለፈው ወንድማችን ነበር፤ አሁን የሚሠራው ሌላ ከተማ ነው። አልሐምዱሊላህ፣ እሱ ወደ አንዳችን ደውሎ ነገረንና ልጁን ተቀበልነው። ልጁ እንደ ደረሰ ግን ከዚህ የባሰ ነገር ነገረን። በዚያው ገጽ ላይ ለችግረኛ ተማሪዎች መርጃ የሚሆን ሰደቃ የሚገባበት የባንክ ሒሳብ ቁጥር አለ፤ እናቱ ልጃቸውን ከመሸኘታቸው በፊት በዚያ ሒሳብ 200 ብር ሊያስገቡ ነበር። ሒሳቡ የተመረቁት የቀድሞ ኃላፊዎች ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በሌላ ተክተነዋል፤ ነገር ግን አልተዘጋም።

ያን ገጽ አጥፍተነዋል ብለን እናምን ነበር። ስናየው ለካ ያጠፋነው ከዝርዝሩ ላይ ያለውን ማስፈንጠሪያ ብቻ ነው። ገጹ ራሱ እንደ ነበረ ተቀምጧል፤ ከእኛ ዓይን ተሰወረ እንጂ ከጉግል አልተሰወረም። ወዲያው አጠፋነው። በማግስቱ ስንፈልግ ግን ርዕሱና የሒሳብ ቁጥሩ ያለበት አጭር መግለጫ አሁንም በፍለጋው ውጤት ላይ ይታያል። ጉግል ተመልሶ መጥቶ ገጹ አለመኖሩን እስኪያይ ድረስ የድሮውን ግልባጭ ነው የሚያሳየው። ቶሎ እንዲያነሳው ለማመልከት፣ በተለይም ሌላ የተረሳ ገጽ ይኖር እንደሆነ ለማየት ስንሞክር አንድ ጥያቄ ቀረበልን፤ የድረ ገጹ ባለቤት ስለመሆናችሁ ማረጋገጫ አቅርቡ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ጥያቄ መልስ ነው። የዲፓርትመንት ክበብ፣ የበጎ አድራጎት ማኅበር ወይም የቤተሰብ ሱቅ ድረ ገጽ የያዛችሁ ሁሉ አንድ ቀን ይገጥማችኋል።

መሣሪያው ጉግል ሰርች ኮንሶል ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ዌብማስተር ቱልስ ይባል ነበር፤ በ2015 ስሙ ተቀየረ። አገልግሎቱ በነጻ ነው። «ድረ ገጽህን ጉግል ላይ አስመዘግብልሃለሁ» እያሉ በቴሌግራም ገንዘብ የሚጠይቁ አሉና ይህን አስቀድመን መናገር ወደድን። የማይክሮሶፍቱ ቢንግም፣ የሩሲያው ያንዴክስም ተመሳሳይ መሣሪያ አላቸው።

ለምን ማረጋገጫ ይጠይቃል? በመሣሪያው ውስጥ የሚገኘው ነገር ለማንም የሚሰጥ ስላልሆነ ነው። ሰዎች ምን ብለው ፈልገው ወደ ገጻችሁ እንደመጡ ያሳያል፤ ጉግል የትኞቹን ገጾች እንደሚያውቅና የትኞቹን እንደተወ ይዘረዝራል፤ ከሁሉም በላይ ገጽን ከፍለጋ ውጤት ለጊዜው የማንሳት ሥልጣን ይሰጣል። ይህ ሥልጣን ያለማስረጃ ቢሰጥ አንዱ ነጋዴ የሌላውን ሱቅ ከጉግል ላይ ሲያስነሳ ይውል ነበር።

መድረሳ የተማርን ሰዎች ስለ ሉቀጣ የተማርነውን እናስታውሳለን። ወድቆ የተገኘን ገንዘብ «የኔ ነው» ብሎ የሚመጣ ሰው ከረጢቱና ማሰሪያው ምን ዓይነት እንደሆነ እንዲናገር ይጠየቃል። ባለቤት ያልሆነ ሰው ያን አያውቅማ። የጉግል አሠራር ከዚህ ጋር ይቀራረባል፤ የሚጠይቀው ግን የምታውቁትን ሳይሆን ማድረግ የምትችሉትን ነው። አንድ ሰው «ያ ቤት የኔ ነው» ቢላችሁና እናንተ አንድ ቀይ ጨርቅ ሰጥታችሁ «በል ግባና ከሳሎኑ መስኮት ላይ በውስጥ በኩል ስቀለው፤ እኔ ከመንገድ ሆኜ አያለሁ» ብትሉት እንደማለት ነው። ቁልፍ ያለው ይሰቅላል። ጉግል የሚሰጣችሁ ጨርቅ የፊደልና የቁጥር ድብልቅ የሆነ ረጅም ኮድ ነው። ብዙዎች ይህን ኮድ እንደ ይለፍ ቃል ይሸሽጉታል፤ ምስጢር ግን አይደለም። ከእናንተ የጉግል አካውንት ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ሌላ ሰው ቢያየው ምንም አያደርግበትም።

እንግዲህ ጥያቄው ቁልፉ ማን እጅ ነው የሚል ይሆናል። እኛም የተቸገርነው እዚህ ላይ ነው። አንድ ድረ ገጽ አንድ ቁልፍ ያለው ይመስላል፤ ሦስት ነው ያለው። አንደኛው የስሙ ማለትም የዶሜይኑ ቁልፍ ነው፤ ስሙ በማን አካውንት እንደ ተመዘገበ። ሁለተኛው የሆስቲንጉ ቁልፍ ነው፤ ፋይሎቹ የተቀመጡበት ኮምፒውተር ማለት ነው። ሦስተኛው ጽሑፍ የምናስገባበት የማስተዳደሪያ ገጽ ነው፤ የኛው በወርድፕረስ የተሠራ ነው። ስም፣ ቦታና ይዘት በሉት። እኛ በእጃችን የነበረው ሦስተኛው ብቻ ነበር። ስሙን የገዛው ያው የተመረቀው ወንድማችን በግል ኢሜይሉ ነው፤ ሆስቲንጉን ደግሞ ከእሱ በኋላ የመጣ ሌላ ኃላፊ ቀይሮታል። አሚር በተቀየረ ቁጥር የቢሮና የመጋዘን ቁልፍ ተቆጥሮ ይረከባል፤ የነዚህን ግን ማንም አልጠየቀም።

ጉግል የሚቀበላቸው መንገዶች ብዙ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ከነዚህ ቁልፎች በአንዱ ይከፈታሉ።

ቀላሉ ፋይል መጫን ነው። ጉግል በራሱ ስም የሚጀምር ትንሽ የኤችቲኤምኤል ፋይል ይሰጣችኋል፤ እናንተ የፋይሉን ስምም ይዘትም ሳትነኩ ከድረ ገጹ ዋና ማኅደር ውስጥ ታስቀምጣላችሁ። ጉግል መጥቶ ካገኘው አበቃ። ይህ የሆስቲንግ ቁልፍ ይጠይቃል፤ ለእኛ ያኔ ዝግ ነበር። ድረ ገጹ ጎብኚን ወደ ሌላ ዶሜይን የሚመራ ከሆነም በዚህ መንገድ አይሠራም፤ ጉግል ፋይሉን ፍለጋ ወደ ሌላ ቤት ተከትሎ አይሄድም።

ሁለተኛው ሜታ ታግ የሚባለው ነው። አንድ መስመር ኮድ ይሰጣችኋል፤ በመነሻ ገጹ ራስጌ፣ ማለትም ሄድ በሚባለው ክፍል ውስጥ ታስገባላችሁ። እኛም የጀመርነው በዚህ ነው፤ ወርድፕረስ ውስጥ ገብተን የቴሙን ፋይል ከፍተን ለጠፍነው። መጀመሪያ ላይ ግን አንዳችን ኮዱን በገጹ ጽሑፍ መሐል ለጥፎት ነበርና ጉግል አልተቀበለም። ተናደድን። ቆይቶ ምክንያቱ ሲገባን ትክክል ሆኖ አገኘነው። በገጹ አካል ውስጥ ያለ ኮድ ቢቆጠር ኖሮ በአንድ ድረ ገጽ ላይ አስተያየት እንዲጽፍ የተፈቀደለት መንገደኛ ሁሉ ኮዱን አስተያየቱ ውስጥ ጽፎ ባለቤት ይሆን ነበር። ራስጌው ውስጥ መጻፍ የሚችለው የቤቱ ሰው ነው። ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ፤ መነሻ ገጹ ያለ ይለፍ ቃል የሚታይ መሆን አለበት። «በጥገና ላይ ነን» የሚል ሽፋን ያለበት ወይም ግቡና እዩ የሚል ገጽ ከሆነ ጉግል ኮዱን አያየውም።

ወደ ራስጌ ካዛወርነው በኋላ ሠራ። ተደሰትን፤ ግን አልቆየም። አንድ እህታችን በመልካም ሐሳብ ቴሙን አዘመነችው። ማዘመን ማለት የድሮውን ፋይል በአዲስ መተካት ነው፤ የለጠፍነው መስመር አብሮ ጠፋ። ጉግል ማረጋገጫውን አንዴ አይቶ አይተውም፤ በየጊዜው እየተመለሰ ይፈትሻል። ካጣው ያስጠነቅቃል፤ ጥቂት ይታገሳል፤ ከዚያ ሥልጣኑን ያነሳል። ስለዚህ ማረጋገጫው ካለቀ በኋላ «ሥራው አለቀ» ብላችሁ ፋይሉን ወይም ኮዱን እንዳታጠፉ። በሜታ ታግ የምትጠቀሙ ከሆነ ቴሙን ሳይነኩ በራስጌ ላይ ኮድ የሚጨምሩ ተጨማሪ ፕሮግራሞች አሉ፤ በእነሱ ማስገባት ይሻላል።

ድረ ገጹ ላይ ቀድሞ ጉግል አናሊቲክስ ወይም ታግ ማናጀር የተገጠመለት ከሆነ በእነዚህም ማረጋገጥ ይቻላል፤ በአካውንቱ ላይ በቂ ሥልጣን እስካላችሁ ድረስ። ብዙ አንልበትም።

ጠንካራው መንገድ የዶሜይኑ ነው። ይህን ለመረዳት ስለ ዲኤንኤስ ሁለት ቃል ያስፈልጋል። ዲኤንኤስ የኢንተርኔት የስልክ ማውጫ ነው፤ ስም ስትሰጡት ቁጥር ይመልሳል። በዚህ ማውጫ ከእያንዳንዱ ስም ጎን ብዙ ዓይነት መዝገብ ይጻፋል፤ ከነሱ አንዱ ቲኤክስቲ የሚባለው፣ ማንኛውንም ጽሑፍ የሚይዝ መዝገብ ነው። ይህ መዝገብ በ1987 እ.ኤ.አ. በወጣው የዲኤንኤስ ደንብ ውስጥ ነበረ፤ ጉግል የተመሠረተው በ1998 ነው። አንድ ሰው «ምናልባት ማስታወሻ መጻፊያ ይፈለግ ይሆናል» ብሎ ያስቀመጠው ባዶ ሳጥን ዛሬ የግማሽ ዓለም ባለቤትነት ይመሰከርበታል። በኢንጂነሪንግ ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመን ደስ ይለናል።

አሠራሩ ቀላል ነው፤ ጉግል የሚሰጣችሁን ኮድ በዶሜይናችሁ ላይ እንደ ቲኤክስቲ መዝገብ ታስገባላችሁ። ጥቅሙ ደግሞ ሰፊ ነው። በፋይል ወይም በሜታ ታግ ስታረጋግጡ የሚረጋገጠው የጻፋችሁት አድራሻ ብቻ ነው፤ ኤችቲቲፒ እና ኤችቲቲፒኤስ፣ ደብሊው ደብሊው ደብሊው ያለውና የሌለው ለየብቻ ይቆጠራሉ። በዲኤንኤስ ሲሆን ግን እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የዶሜይን ባለቤትነት በሚባለው መንገድ ከስሙ ሥር ያለው ሁሉ አንድ ላይ ይጠቃለላል። ቴም ቢዘምን፣ ሆስቲንግ ቢቀየርም ዲኤንኤሱ እስካልተነካ ድረስ አይጠፋም።

ለዚህ የስሙ ቁልፍ ያስፈልጋል። ወንድማችንን ደወልንለት፤ አላህ ኸይር ጀዛውን ይክፈለውና በዚያው ምሽት አካውንቱን ከፍቶ መዝገቡን አስገባልን። ጠበቅን። ጉግል «ለውጡ እስኪሠራጭ ሁለት ሦስት ቀን ሊወስድ ይችላል» ስለሚል አራት ቀን ታገስን። ምንም የለም። ችግሩን ያገኘው አንድ የኮምፒውተር ሳይንስ ወንድማችን ነው፤ በላፕቶፑ የትእዛዝ መስኮት ኤንኤስ ሉክአፕ በምትባለው ትእዛዝ የስማችንን የቲኤክስቲ መዝገብ ጠየቀ፤ ያስገባነው ኮድ የለም። ቀጥሎ የስም አገልጋዮቹን፣ ማለትም ኔም ሰርቨሮቹን ጠየቀ። የሚያመለክቱት ስሙ ወደ ተገዛበት ድርጅት ሳይሆን ወደ ሆስቲንጉ ድርጅት ነው። ለካ ሆስቲንጉን የቀየረው ኃላፊ ማውጫውንም አብሮ አዛውሮታል። ወንድማችን የጻፈው ማንም በማያነበው ደብተር ላይ ነበር። ይህ ስህተት በጣም የተለመደ ስለሆነ ለናንተ ቅደም ተከተሉን እንናገር፤ መዝገብ ከማስገባታችሁ በፊት ኔም ሰርቨሮቹ የት እንዳሉ እዩ፤ መዝገቡ የሚገባው እዚያ ነው።

ሆስቲንጉን የያዘውን ኃላፊ በሦስተኛው ሰው በኩል አገኘነው፤ ፓስወርዱን ሰጠን። ስናስገባ ሁለት ጥንቃቄ አደረግን። አንደኛ፣ የመዝገቡ ስም በሚጻፍበት ሳጥን ውስጥ ሙሉውን የዶሜይን ስም መጻፍ በአንዳንድ ድርጅቶች ስሙን ሁለት ጊዜ ይደራርበዋል፤ ባዶ መተው ወይም የኢሜይል አድራሻ መሐል የምትገባዋን ክብ ምልክት ማስገባት ይበቃል። ሁለተኛ፣ ሌሎች የቲኤክስቲ መዝገቦች ካሉ እንዳይነኩ። አንዳንዶቹ የኢሜይል መላኪያ ፈቃድ የተጻፈባቸው ናቸው፤ በነሱ ላይ ከጻፋችሁ ኢሜይላችሁ ወደ ማይፈለግ መልእክት ሳጥን መውረድ ይጀምራል። ቲኤክስቲ ጎን ለጎን ብዙ ሆኖ መኖር ይችላል፤ አዲስ ጨምሩ እንጂ የነበረውን አትቀይሩ። ከሰዓት በኋላ ላይ ተረጋገጠ።

የአገራችንን ስም የሚጠቀሙ ድረ ገጾችን በተመለከተ፣ የነጥብ ኢቲ ስሞች እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ያሉ ናቸው፤ የሚያስተዳድራቸውም ኢትዮ ቴሌኮም ነው። ከሥሩ ነጥብ ኮም ነጥብ ኢቲ ለንግድ፣ ነጥብ ጎቭ ነጥብ ኢቲ ለመንግሥት፣ ነጥብ ኢዲዩ ነጥብ ኢቲ ለትምህርት ተቋማት ነው። ክበባችሁ በዩኒቨርሲቲ ድረ ገጽ ውስጥ አንድ ክፍል ቢሰጠው ዲኤንኤሱ በዩኒቨርሲቲው የአይሲቲ ክፍል እጅ ነው፤ ስለዚህ ወይ ቲኤክስቲውን እንዲያስገቡላችሁ ትጠይቃላችሁ፣ ወይ የተሰጣችሁን አድራሻ ብቻ በሜታ ታግ ታረጋግጣላችሁ። ሁለተኛው ይቀላል። የዋናው ስም ባለቤት ሆኖ የተረጋገጠ ሰው ከሥሩ ያለውን የናንተንም ያለ ሌላ ማረጋገጫ ማየት እንደሚችል ግን እወቁ።

ወደ ኮንሶሉ ስንገባ ያላሰብነው ነገር ጠበቀን። የባለቤቶችን ዝርዝር ስንከፍት ሌላ የተረጋገጠ ባለቤት አለ። ደነገጥን። ኋላ ስናጣራ ያው ተመራቂው ወንድማችን ነው፤ ከዓመታት በፊት በፋይል አረጋግጦ ነበር፤ እሱ ራሱ ረስቶታል፤ ፋይሉ ግን ሆስቲንግ ሲቀየር አብሮ ተጓጉዟል። ራሱ «አንሱኝ» አለን። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ በዝርዝሩ ላይ ያለውን ስም ማንሳት ብቻ አይበቃም፤ ፋይሉ ከቤቱ ውስጥ እስካለ ድረስ ሰውየው ተመልሶ ማረጋገጥ ይችላል። ፋይሉን ከማኅደሩ አጠፋነው።

ይህ የሚያሰጋው በክፉ ሰው እጅ ሲወድቅ ነው። የድረ ገጽ ሰርሳሪዎች ደካማ ፓስወርድ አግኝተው ሲገቡ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ከሚያደርጉት አንዱ የራሳቸውን የማረጋገጫ ፋይል መጣል ነው። ከዚያ በናንተ ስም የቁማርና የሐሰተኛ መድኃኒት ገጾችን ፈጥረው ለጉግል ያስመዘግባሉ። እናንተ ፓስወርድ ብትቀይሩም ባለቤትነቱ ይቀርላቸዋል። አዲስ ባለቤት ሲጨመር ጉግል ለነባር ባለቤቶች ኢሜይል ይልካል፤ ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ኢሜይላቸውን የሚያነቡ ሰዎች ባለቤት ይሁኑ። በዋናው ማኅደር ውስጥ በጉግል ስም የሚጀምር የማታውቁት ፋይል ካያችሁ ጠይቁ።

አሁን ወደ ሒሳብ ቁጥሩ እንመለስ። ከተረጋገጥን በኋላ በማንሻው መሣሪያ የገጹን አድራሻ አስገባን፤ በማግስቱ ከፍለጋው ጠፋ። ይህ ማንሳት ግን ጊዜያዊ ነው፤ ስድስት ወር ገደማ ይቆያል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ገጹ በእርግጥ ከድረ ገጹ መጥፋት፣ ወይም «አትመዝግበው» የሚል መመሪያ በራስጌው ላይ መጻፍ አለበት፤ አለዚያ ተመልሶ ይመጣል። አንዳንዶች በሮቦትስ ፋይል ጉግልን ከገጹ ይከለክሉታል፤ ይህ የሚመስለውን አያደርግም። የተከለከለ ጉግል ገጹን ስለማያነብ «አትመዝግበው» የሚለውንም አያነብም። ኋላ እንዳወቅነው፣ ቀድሞ የጠፋ ገጽ ግልባጩ ከቀረ ባለቤት ያልሆነ ሰውም የሚያመለክትበት የተለየ ቅጽ ጉግል አለው። ያን ብናውቅ ኖሮ የመጀመሪያውን ሳምንት እናተርፍ ነበር። ያም ሆኖ የተመዘገቡ ገጾቻችንን ዝርዝር ባናይ ኖሮ ያው ሒሳብ ያለባቸውን ሌሎች ሁለት ገጾች አናገኛቸውም ነበር፤ አንዱ የድሮ የረመዷን ኢፍጣር ጥሪ ነው። በዚያ ሒሳብ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ገንዘብ ገብቶ ነበር፤ ኃላፊዎቹ አስልተው አስረክበውናል። ከማን እንደ ገባ ሁሉንም ማወቅ አልቻልንም።

በቢንግ ላይም ተመሳሳዩን አደረግን። እዚያ ከጉግል ኮንሶል በቀጥታ ማዛወር ስለሚቻል አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

አንዳንዶች ከማረጋገጫው በኋላ ገጻቸው በፍለጋ ወደ ላይ የሚወጣ ይመስላቸዋል። አይወጣም፤ ማረጋገጥ ደረጃ አይጨምርም። በሕግ ፊት የባለቤትነት ሰነድም አይደለም። የሚሰጠው ማየትና ማስተካከል ነው። ለምሳሌ የመፈለጊያ ቃላቱን ዘገባ ስናይ ሰዎች እኛ ባልጻፍነው ፊደል እንደሚፈልጉን አወቅን፤ «ሶላት» ብለን ጽፈን «ሰላት» ይሉናል፤ «ረመዷን» ብለን «ረመዳን» ይሉናል፤ «ጀመዓ»ን በአራት ዓይነት ይጽፉታል፤ ብዙዎቹም አማርኛውን በላቲን ፊደል ነው የሚጽፉት። አሁን በዋና ገጾቻችን ላይ ሁለቱንም አጻጻፍ እናስገባለን። ዘገባው ወደ ኋላ 16 ወር ብቻ ስለሚይዝ በየሴሚስተሩ አውርደን እናስቀምጣለን።

ሦስቱ ቁልፎች አሁን በጀመዓው የጋራ ኢሜይል ተመዝግበዋል፤ ዶሜይኑ የሚታደስበት ቀንም በቢሮው ሰሌዳ ላይ ተጽፏል። ፓስወርዶቹ በታሸገ ፖስታ ከማኅተሙ ጋር ናቸው፤ በሹራ ርክክብ ጊዜ ይቆጠራሉ። የክበባችሁን ድረ ገጽ ማረጋገጥ የምትፈልጉ ቅዳሜ ከዐስር ሶላት በኋላ ቢሮ ላፕቶፕ ይዛችሁ ኑ፤ ከመምጣታችሁ በፊት ግን ዶሜይኑ በማን ኢሜይል እንደ ተመዘገበ ጠይቃችሁ እወቁ፤ እሱ ብቻ ነው ጊዜ የሚወስደው።